አስታራ፣ ወጌሻ እና የተሰበረ አጥንት

ጉንችሬና አካባቢው የእንሰት አገር ነው። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ካለ አስታራ ወይም ጓርየ የተባለው የእንሰት ዓይነት ይነቀልና አሚቾው ተቀቅሎ ከወተት ጋር ይቀርብለታል። «ዶክተር፣ እውነት ይጠግናል?» ለምትሉ ወላጆች መልሱን ከታሪክ ልጀምረው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)።

በ1665 ሮበርት ሁክ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ ትንንሾቹን ክፍሎች «ሴል» አላቸው። ሴል ከየት ይመጣል የሚለው ግን ረጅም ዘመን አከራከረ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ በ1858 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሴል የሚገኘው ከሌላ ሴል ብቻ ነው ብሎ አስተማረ። ሴል የሚለውን ቃል ያልሰማው የእንሰት ገበሬም የአሚቾውን እምብርት አውጥቶ ሲቀብረው ከዳር ዳሩ ብዙ ችግኝ እንደሚፈላ ያውቃል።

አጥንትም እንዲሁ ከራሱ ሴሎች ይታደሳል። ሲሰበር መጀመሪያ ደም ይረጋል። ከዚያ የአጥንቱ ሽፋን ሴሎች እየተባዙ ለስላሳ ድልድይ ይሠራሉ፤ ድልድዩም በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል። የልጆች ሽፋን ወፍራምና ደም የበዛበት ስለሆነ ከአዋቂ ይፈጥናሉ። ዩሊየስ ቮልፍ ደግሞ በ1892 አጥንት በሚሸከመው ጫና ልክ ራሱን እንደሚያስተካክል ጻፈ። ጀሶ ሲፈታ እግሩ ቀጥኖ ብታዩት አትደንግጡ፤ ጡንቻው ሥራ ፈትቶ ነው፣ ሲንቀሳቀስ ይመለሳል።

ስለዚህ ጠጋኙ የልጁ ገላ ነው። አሚቾ ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው፤ ወተቱን የጨመሩበት እናቶች ብልሆች ናቸው። ይብላ፣ እኔ አልከለክልም።

የምፈራው ማሰሪያውን ነው። ሆላንዳዊው የጦር ሐኪም ማታይሰን በ1852 ያስተዋወቀው የጀሶ ፋሻም ሆነ የወጌሻ ቀርከሃ ሥራው አጥንቱን በቦታው መያዝ ብቻ ነው። «ጠበቅ ሲል ቶሎ ይገጥማል» የሚባለው ስህተት ነው። ከጠበቀ ደም ይቋረጣል፤ ደም ያጣ ሴል አይባዛም፣ ይሞታል። ጡንቻና ነርቭ በሰዓታት ውስጥ ሊበላሹ ይችላሉ፤ በዚህ የተነሳ እጅ ወይም እግር የሚቆረጥበት ልጅ አለ።

ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ቀስ ብላችሁ ስትዘረጓቸው ልጁ ከጮኸ እስኪነጋ አትጠብቁ። የወጌሻ ማሰሪያ ከሆነ ወዲያው አላሉት፣ እጁን ወይም እግሩን ደግፋችሁ ሆስፒታል አድርሱት። ጀሶ ከሆነም በዚያው ሰዓት ሂዱ፤ እዚያ ይሰነጥቁታል።