ካባው መናፈሻ ሆነ፤ ሰዎቹስ?

ጨረቃ ቤት ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሌሊት ተሠርቶ ሲነጋ ቆሞ የሚገኝ ቤት ነው። ቱርኮችም ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት «በሌሊት የተተከለ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አላቸው። በስፔኗ ባርሴሎና ደግሞ «ባራካ» ይባላል። ዛሬ የምናወራው ካርሜል በተባለው ኮረብታማ ሰፈር ስለነበሩት ባራካዎች ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባርሴሎና ከራሷ ኮረብቶች ተፈልፍሎ በወጣ ድንጋይ ያደገች ከተማ ናት። የድንጋይ ካባ ሥራው ሲቆም የሚተርፈው ገደል ነው። ገደል አፋፍ ላይ መሬት የሚፈልግ ባለሀብት የለም፤ ማደሪያ ያጣ ድሃ ግን ይፈልጋል። ከአንዳሉሲያና ከሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ሥራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች በየኮረብታውና በየካባው ጥግ ሰፈሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በከተማዋ ባራካዎች ውስጥ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ይኖር እንደነበር ይገመታል።

ከካርሜል ኮረብቶች አንዱ፣ 262 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሮ ዴ ላ ሮቪራ፣ ለእኛ የማይጠፋን ታሪክ አለው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት አናቱ ላይ የፀረ አውሮፕላን መድፍ ተተከለበት። ከተማዋን ይደበድቡ ከነበሩት መካከል የሙሶሊኒ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ እኛ በማይጨው ያወቅነው አየር ኃይል ማለት ነው። ጦርነቱ በ1939 ሲያበቃ ቤት የሌላቸው ሰዎች የመድፉን የኮንክሪት መደብ ወለል፣ ግድግዳውንም ግድግዳ አድርገው ገቡበት። ሰፈሩም «መድፎቹ» ተባለ።

የፍራንኮ መንግሥት መፍትሔ እኛም የምናውቀው ዓይነት ነበር፤ አፍርሶ ወደ ዳር መውሰድ። የባሕር ዳሩ ሶሞሮስትሮ በ1966 ፍራንኮ የባሕር ኃይል ልምምድ ለማየት ይመጣሉ ተብሎ ተነሣ። ነዋሪው በአጎራባቿ ባዳሎና ወደተሠሩ ሕንፃዎች ተወሰደ።

የካርሜል ሰዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተደራጅተው ሌላ ነገር ጠየቁ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ ቤት ይሰጠን፣ እዚሁ ይሰጠን። ፍራንኮ በ1975 ሞቱ፤ በ1979 ደግሞ ሕዝብ የመረጠው የከተማ ምክር ቤት መጣ። ከባራካ ነዋሪዎቹ ከፊሉ እዚያው ሰፈር ውስጥ በተሠሩ ሕንፃዎች ገቡ፤ ሌሎቹ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዱ። የመጨረሻዎቹ ባራካዎች የፈረሱት በ1990፣ ኦሎምፒኩ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው።

ካባውም አልተረሳም። ክሬዌታ ዴል ኮል የተባለው የተተወ ካባ በ1987 መናፈሻ ሆነ። አርክቴክቶቹ ማርቶሬልና ማካይ ገደሉን አልደፈኑትም፤ እንደ ግድግዳ ተጠቅመው ከሥሩ ሐይቅ አበጁ። በበጋ የሰፈሩ ልጆች ይዋኙበታል። ከውኃው በላይ የቀራፂው ኤድዋርዶ ቺዪዳ ግዙፍ የኮንክሪት ሥራ በብረት ገመድ ተንጠልጥሏል።

ነገር ግን ኮረብታ በመናፈሻ ብቻ አይታደስም። ዳገቱን በየቀኑ የሚወጡ አሮጊቶች ትራንስፖርት ይፈልጋሉ። ለዚያ የተጀመረው የሜትሮ ዋሻ በጥር 2005 ተደረመሰ። ሰው አልሞተም፤ ከሺህ በላይ ነዋሪ ግን ከቤቱ ወጣ። ባቡሩ ካርሜል የደረሰው በ2010 ነው።

በ2011 የመድፉ ቦታ ታድሶ የከተማዋ ታሪክ ሙዚየም አካል ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ደስ ይለናል፦ የፈረሱት ባራካዎች የወለል ንጣፍ ተጠርጎ አልተጣለም፤ እነሱም እንደ መድፉ ቅርስ ተብለው ቀሩ። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ከአናቱ ከተማዋ ወለል ብላ ስለምትታይ ጎብኚው ጎረፈ፤ ጎረቤቱ በሌሊት ጫጫታ እንቅልፍ አጣ። በ2023 ቦታው ታጥሮ ማታ ማታ እንዲዘጋ ተደረገ።

እኛም አገር ስለ መልሶ ማልማት ሲወራ የሚቆጠረው የተተከለው ዛፍና የተነጠፈው መንገድ ነው። ከካርሜል የተማርነው ሌላ ነገር መቁጠር እንዳለብን ነው፦ ሰፈሩ ሲያምር ስንቱ ነባር ነዋሪ እዚያው አለ? ለሄደውስ ቢያንስ የቤቱ ወለል ቀርቶለታል? የሚቀጥለውን የሰፈር እድሳት ዜና ስታነቡ ይህን ቁጥር ፈልጉ፤ ካጣችሁትም ጠይቁ።