ማርሚታው ሲሰፋ ጉልበቱ ለምን ጠፋ?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዴንቨር ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ አንድ ልጅ ወደ መስኮቴ መጣ። እንደኛው ሹፌር ነው፣ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ። ከሥራ መኪናው ሌላ ለደስታው የገዛት ቱርቦ መኪና አለችው። «ኢንጂነር፣ መኪናዬ ጉልበት አጣች» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካ የሠራላትን ማርሚታ ከቱርቦው ሥር ጀምሮ ከነቧንቧው አስወልቆ ወፍራም አስገጥሞላታል። ድምፅዋ አንበሳ ሆነ። ቀስ ብሎ ሲነዳት ደህና ናት። ነዳጅ እስከ ታች ሲረግጥ ግን ትፈተለክና፣ ድንገት ከኋላ ሰው የያዛት ይመስል ትታነቃለች። ማርሚታውን የገጠመለት ጋራዥ «ቱርቦው ሞቷል፣ 2,800 ዶላር» ብሎታል። ብሩ አለው፤ ግን ለእናቱ የዓይን ሕክምና ሊልከው ያስቀመጠው ነው።

«ቱርቦውን ከመቀየርህ በፊት ታሪኩን ልንገርህ» አልኩት። ሳቀ። እናንተም ትስቁ ይሆናል፤ መልሱ ግን እዚያው ታሪኩ ውስጥ ነው።

ቱርቦ የተወለደው ለሩጫ አይደለም፤ ከብክነት ጸብ ነው። አልፍሬድ ቡኺ የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ትልቁ ድርሻ ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫ ሲወጣ አንጀቱ አረረ። በፈረንጆቹ 1905 ሐሳቡን በፓተንት አስመዘገበ፦ የሚወጣው ጭስ ተርባይን ያሽከርክር፣ ተርባይኑ በአንድ ዘንግ የታሰረለትን አየር መጭመቂያ ያዙር፣ መጭመቂያው ለሞተሩ ብዙ አየር ይጋት። ብዙ አየር ካለ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር ግን ሃያ ዓመት ፈጀበት። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሁለት የጀርመን መርከቦች በዚህ ዘዴ የናፍጣ ሞተራቸው ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ።

በመካከሉ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ታሪኩም ወደኛ ሰፈር ወደ ኮሎራዶ ዞረ። አውሮፕላን ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ይደክማል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ቱርቦ የሌለው መኪና ባሕር ዳርቻ ላይ ከነበረው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። እንጦጦን ስንወጣ መኪናውን የምንረግመው በከንቱ ነበር። ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ በ1918 ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ ወጣ። ከዴንቨር ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ስትነዱ በስተቀኝ የምታዩት ተራራ ነው፤ ከፍታው 4,300 ሜትር ያህል ነው፣ ከራስ ዳሸን ብዙም አያንስም። ሜዳ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ላይ 230 ብቻ ሆነ። ቱርቦው ሲገጠምለት ደግሞ 356 ሰጠ። በዚያ መንገድ መንገደኛ ይዤ ባለፍኩ ቁጥር ይህን ሳላወራ አላልፍም፤ አብዛኞቹ ስልካቸውን ነው የሚያዩት።

ልጁን የሚመለከተው ግን የሚቀጥለው ነው። በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የሚባል ባለ ቱርቦ የቤት መኪና አወጣ። 3.5 ሊትር ሞተር፣ 215 የፈረስ ጉልበት፤ ለዘመኑ ጉድ ነው። ችግሩ፣ አየር በጣም ሲጨመቅ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይሰበራል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የተጣራ ውሃና ሜታኖል የሚረጭ ማጠራቀሚያ ጨመሩለት። ፈሳሹ ካለቀስ? ለዚህም አሰቡ፦ አንዲት ክዳን ራሷን ዘግታ ግፊቱን ትቀንሳለች፣ ሞተሩ ይተርፋል።

ሰዎቹ ፈሳሹን መሙላት ረሱ። መኪናው ጉልበት አጣ። «ቱርቦው አይረባም» እያሉ ወደ ሻጩ ጎረፉ። መኪናው ግን አልተበላሸም ነበር፤ ራሱን እየጠበቀ ነበር። በ1965 ኩባንያው ቱርቦውን አውልቆ ተራ ካርቡሬተር እገጥማለሁ አለ፤ ብዙዎች ተቀበሉ። ከነቱርቦው የተረፈ ጄትፋየር ዛሬ ብርቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የቱርቦ ታሪክ፣ በኔ አስተያየት፣ ጉልበት የመጨመር ታሪክ አይደለም፤ ልጓም የማበጀት ታሪክ ነው። የስዊድኑ ሳዓብ በ1970ዎቹ መጨረሻ 99 ቱርቦን ሲያወጣ ትልቁ ነገሩ ዌስትጌት የምትባለው በር ነበረች፤ ግፊቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ትከፈትና ትርፉን ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ ታሳልፋለች። ጥቂት ዓመት ቆይተው ደግሞ የሞተሩን ማንኳኳት በሴንሰር ሰምቶ ያችን በር የሚያዝ ኤሌክትሮኒክስ ጨመሩባት። የዛሬው መኪና ኮምፒውተር የዚያ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ወንድማችን ወፍራም ማርሚታ እንመለስ። ከተርባይኑ በኋላ መንገዱ ሲሰፋ ጭሱ የሚገፋው ነገር የለም፣ ተርባይኑ ከወትሮው በላይ ይፈጥናል። ዌስትጌቷ ለጠባቡ ማርሚታ የተለካች ትንሽ በር ናት፤ ሙሉ በሙሉ ተከፍታም ትርፉን ማሳለፍ አቃታት። ግፊቱ ከልክ አለፈ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ቆረጠ። ጄትፋየር ከነክዳኑ፣ ስልሳ ዓመት ቆይቶ።

ይህን በግምት አልነገርኩትም። ኮድ ማንበቢያዬን ሰካንበት፦ ፒ0234፣ ግፊት ከልክ በላይ። እኔ እየነዳሁ እሱ ንባቡን ያዘ፤ 14 ላይ መቆም የነበረበት ከ19 አልፎ ነው የሚቆረጠው። የሞተ ቱርቦ ግፊት ያንሰዋል እንጂ አይተርፈውም። ንባቡ ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ሌላ ቦታ ነበር የማየው፦ ከቱርቦው በፊት ባለው መጋጠሚያ ጥላሸት ተፍቶ እንደሆነ፣ ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሎ እንደሆነ፣ በሥራው መሃል የአየር ጎማ ወልቆ ተረስቶ እንደሆነ። እነዚህን በእጅ ባትሪና በዓይን ማየት ሃምሳ ሳንቲም አያስወጣም። ማስጠንቀቂያ ለሌሎቻችሁ፦ አንዳንዱ ሰው «ኮምፒውተሩ እንዳይቆርጥ አስደርገው» ይላችኋል። ልጓሟን በጥሳችሁ ፒስተን ስትገዙ እንዳትደውሉልኝ።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምረን የድሮውን ቧንቧ መለስንላት። ማታ ወደ ተራራው ይዘናት ወጣን፤ እስከ ታች ረገጣት፣ አልታነቀችም። ድምፅዋ ግን እንደ ድሮው የልብስ ስፌት መኪና ነው፣ ትንሽ አዝኗል። ገጣሚው ጋራዥ ገንዘቡን አልመልስም ብሏል። የእናቱን ብር ሰኞ ላከ።

ወፍራሙ ማርሚታ የኔ ጋራዥ ውስጥ ተጋድሟል። ዌስትጌቱን ያሰፋ፣ የሚያስፈልገው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።