ፎቴ የማን ነው?

«ፎቴ» የምንለው ወንበር ስሙ ፈረንሳይኛ መሆኑን ታውቃላችሁ? «ለገሃር»ም እንደዚሁ ነው። ፈረንሳይኛ ወደ ኢትዮጵያ ከገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ጅቡቲ ከተማ ነው። የባቡሩ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚህ ተጀምሮ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነበር።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ያማረ ፎቴ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ዕቃ ነበር። አንዱ እንጨቱን ይቀርጻል፣ ሌላው ጠመኔና ሙጫ ቀብቶ በስስ ወርቅ ይለብጠዋል። ልብሱን የቦቬና የኦቢሶን ሸማኔዎች ከሱፍና ከሐር ይሠሩታል፤ የላፎንቴን ተረት እንስሳት ሳይቀሩ ተሸምነውበታል። ከሠሪዎቹ ግን ስንቱ ተቀመጠበት?

በ1789 አብዮት ፈነዳ። በ1793 የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ዕቃ በሐራጅ መሸጥ ጀመረ፤ ብዙውም ባሕር ማዶ ተበተነ። ንጉሡ አለፈ፣ ወንበሩም ባለቤት ለወጠ። የፓሪስ አናጺዎች ግን በማኅበራቸው ደንብ መሠረት ስማቸውን እንጨቱ ላይ ያትሙ ስለነበር፣ የሠሪው ስም ዛሬም ይነበባል።

ከቤቱ የወጣ ሰው ንብረቱን ጥሎ ይሄዳል፤ ሙያው ግን አብሮት ይሰደዳል። መምህራን፣ እስቲ ተማሪዎቻችሁን ጠይቁልን፦ የተቀመጣችሁበትን አግዳሚ የሠራው ማን ነው?