የቬኒስ ነጋዴዎችና የዘጉት በር

ደራሲዎች ምናባዊ አገር ሲፈጥሩ ደጋግመው የሚመለሱባት አንዲት አገር አለች፦ ንጉሥ የሌላት፣ እርሻ የሌላት፣ በባሕር መካከል ተቀምጣ ነጋዴ የሚገዛት። አንባቢው «ይህማ ተረት ነው» ይላል። ተረት አይደለም። እንዲህ ያለች አገር በእርግጥ ነበረች፤ ስሟም ቬኒስ ይባላል። ስለ ውበቷ የተጻፈው ይበቃልና እኔ ላነሳ የምፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ነጋዴ ሲገዛ ማን ይገባል? ማንስ ውጭ ይቀራል? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንነሳ። ቬኒስ የተቆረቆረችው በአድርያቲክ ባሕር ዳር ባሉ ረግረጋማ ደሴቶች ላይ ነው። የሚታረስ መሬት የለም፤ ያለው ዓሣና ጨው ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ካሲዮዶሩስ የተባለ የጣልያን ሹም ለእነዚህ ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ ጀልባቸውን እንደ ከብት ከቤታቸው ግድግዳ ጋር እንደሚያስሩ፣ ጨዋቸውም እንደ ገንዘብ እንደሚሠራላቸው ያወራል። በአሞሌ ሲገበያይ ለኖረ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ግን መሬት አለመኖሩ ነው። ርስት በሌለበት ባለርስት ከየት ይመጣል? ሌላው አውሮፓ በጉልተኛና በጭሰኛ ሲከፈል እዚህ ሰውን ከሰው የሚለየው መርከብ ላይ የጫነው ዕቃ ሆነ።

ቅዱሳቸውን እንኳ ያገኙት በነጋዴ እጅ ነው። በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች የቅዱስ ማርቆስን ዐፅም ከእስክንድርያ ሰርቀው አመጡ ይባላል። ትውፊቱ እንደሚለው የወደቡ ተቆጣጣሪዎች እስላሞች ስለነበሩ ዐፅሙን በአሳማ ሥጋ ሸፍነው አሳለፉት። የእኛ ቤተ ክርስቲያን እስከ 1959 ድረስ ጳጳስ ስትቀበል የኖረችው ከዚያው ከማርቆስ መንበር ነውና፣ ስርቆቱ እኛንም ይነካናል ማለት ይቻላል። ከፊሉ ዐፅም ወደ ግብጽ የተመለሰው በ1968 ነው፤ በዚያ ሰሞን አዲሱ የማርቆስ ካቴድራል በካይሮ ሲመረቅ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ነበር።

ወደ ንግዱ እንመለስ። የቬኒስን ሀብት የወለደው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከመርከቡ ይልቅ ውሉ ነው። ይህን ውል «ኮሌጋንዛ» ይሉት ነበር። እኛ አገር በእርሻ የሚታወቀውን የእኩል አራሽ ውል ወደ ባሕር ብታወጡት ዘመዱ ይሆናል። ገንዘብ ያለው ሰውዬ ከተማ ቁጭ ይላል፤ ገንዘብ የሌለው ወጣት ዕቃውን ይዞ ወደ ቁስጥንጥንያ ወይም ወደ እስክንድርያ ይጓዛል። ሲመለስ ይተሳሰባሉ። ገንዘቡን በሙሉ ያወጣው ባለሀብቱ ከሆነ ከትርፉ ሦስት አራተኛው የእሱ፣ አንድ አራተኛው የተጓዡ ነው። ተጓዡ ሲሶውን ካዋጣ ደግሞ ትርፉ እኩል ለእኩል ይሆናል። በመጀመሪያው ዓይነት ውል መርከብ ቢሰጥም ኪሳራው የባለገንዘቡ ነው፤ ልጁ ድካሙን ያጣ እንደሆነ እንጂ ዕዳ አይሸከምም። (እርግጥ ነፍሱ ከተረፈች!) እንግዲህ ልብ በሉ፤ አባቱ ምንም ያላወረሰው ጎረምሳ ሁለት ሦስት ጊዜ በደህና ከተመለሰ እሱም በተራው አበዳሪ ይሆናል። ከ10ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ ሰነዶች ላይ ቀድሞ ያልተሰሙ የቤተሰብ ስሞች ብቅ ብቅ የሚሉት በዚህ የተነሣ ነው።

እነዚህ አዳዲስ ባለሀብቶች ሥልጣንም ፈለጉ። የአገሩ አለቃ «ዶጄ» ይባላል። በ1032 ዶጄው ዘመዱን ከጎኑ አስቀምጦ እንዳያነግሥ ተከለከለ። በ1172 አንዱ ዶጄ ከከሸፈ ዘመቻ ተመልሶ በሕዝብ ቁጣ ተገደለ፤ በዚያው ዘመን ታላቁ ምክር ቤት የሚባለው ሸንጎ ሥር ሰደደ። በ1268 ደግሞ ዶጄ የሚመረጥበትን ሥርዓት አወጡ፤ ሥርዓቱ ያስቃልም ያስደንቃልም። ከምክር ቤቱ 30 ሰው በዕጣ ይወጣል፤ 30ው በዕጣ ወደ 9 ይወርዳል፤ 9ኙ 40 ይመርጣሉ፤ 40ው በዕጣ 12 ይሆናል፤ 12ቱ 25 ይመርጣሉ፤ 25ቱ ወደ 9፤ 9ኙ 45 ይመርጣሉ፤ 45ቱ ወደ 11፤ 11ዱ 41 ይመርጣሉ፤ 41ዱ ናቸው እንግዲህ ዶጄውን የሚመርጡት። የዕጣውን ድብልብል የሚያወጣው ከመንገድ የተገኘ ትንሽ ልጅ ነው። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? እርስ በርስ ስለማይተማመኑ! ነጋዴ ሌላውን ነጋዴ ያውቀዋላ።

እነዚህ ሰዎች ደጎች ነበሩ እያልኩ አይደለም። በ1201 ለመስቀል ጦረኞች 33,500 ሰውና 4,500 ፈረስ በመርከብ ሊያጓጉዙ በ85,000 ማርክ ብር ተዋዋሉ። ጦረኞቹ መክፈል ሲያቅታቸው ዕዳው በጦርነት እንዲወራረድ ተደረገ። በመጀመሪያ ዛራ የተባለችው የክርስቲያን ከተማ ተያዘች፤ በ1204 ቁስጥንጥንያ ራሷ ተዘረፈች። ዘመቻውን የመራው ኤንሪኮ ዳንዶሎ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበር። ከግዛቱ ሦስት ስምንተኛ እጅ፣ ከዘረፋውም አራት የነሐስ ፈረሶች ለቬኒስ ደረሱ። ከጥቁር ባሕር ወደቦች ሰውም ገዝተው ይሸጡ ነበር። እኛ ካፌ ደጃፍ ላይ በየቀኑ «ቻው» የምንባባልባት ቃል ከቬኒስ አነጋገር የመጣች ናት፤ ትርጉሟም «ባሪያህ ነኝ» ነው።

አሁን ወደ በሩ ደረስን። በ1297 አንድ ሕግ ወጣ፤ ታሪክ «መዝጊያው» ይለዋል። ባለፉት አራት ዓመታት በታላቁ ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው ከ40ዎቹ ዳኞች 12 ድምፅ ካገኘ እንደገና ይገባል፤ ሌላው ግን መንገዱ ጠበበው። አንዳንድ ሊቃውንት «የምን መዝጋት? ከሕጉ በኋላ የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር እኮ ከእጥፍ በላይ ሆነ» ይላሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ከሺህ አልፏል። ነገር ግን እንግዳውን ሁሉ ካስገቡ በኋላ በሩን መቆለፍ ያው መቆለፍ ነው። በ1310 ባያሞንቴ ትየፖሎ አምፆ ከሸፈበት፤ ዐመፁን ለመመርመር የተቋቋመው የ10ሮቹ ምክር ቤት የሚባለው የምስጢር ሸንጎም በዚያው ጸና። በ1323 አባልነት በዘር ሆነ። በ1506 የመኳንንቱ ልጆች ልደት በመዝገብ መያዝ ጀመረ፤ ይህም በኋላ «የወርቅ መዝገብ» የተባለው ነው።

ከሥልጣኑ ጋር ባሕሩም ተዘጋ። ወደ ምሥራቅ የሚሄዱትን ትልልቅ የንግድ መርከቦች መንግሥት እየሠራ ለጨረታ ያወጣ ጀመር፤ መጫረት የሚችሉት ግን መኳንንቱ ብቻ ናቸው። ኮሌጋንዛም ቀስ በቀስ ጠፋ። በአንድ ወቅት አያቱ በባዶ እጁ የተሳፈረ ሰውዬ፣ አሁን ባዶ እጁን የመጣውን ልጅ ከወደቡ መለሰው።

«ታዲያ ቬኒስ ከዚያ በኋላ አምስት መቶ ዓመት እንዴት ኖረች?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮች ይዘው ቬኒስ ሲደርሱ ያዩዋት ከተማ በሯ የተዘጋባት ቬኒስ ናት፤ ያውም ደምቃ የምታበራ። የተከማቸ ሀብት ቶሎ አያልቅም። የመርከብ መሥሪያዋ በዓለም የታወቀ ነበር፤ ቅመማ ቅመሙም በእጇ ነበር። ነገር ግን ፖርቱጋሎች በአፍሪካ ዞረው ሕንድ ሲደርሱ አዲስ መንገድ የሚፈልገው ባዶ እጁን የተነሣ ወጣት ቬኒስ ውስጥ አልነበረም። የመኳንንቱ ልጆች ገንዘባቸውን በየብስ መሬት ላይ ያፈሱት ጀመር። ርስት አጥታ የከበረችው ከተማ ባለርስት ሆነች።

በቀርጤስ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1646 ጀምሮ፣ ካዝናው ሲራቆት መዝገቡ በገንዘብ ተከፈተ፤ መኳንንት ለመባል 100,000 ዱካት። በሌላ ወገን ደግሞ ዘራቸው በመዝገቡ ያለ፣ ኪሳቸው ግን ባዶ የሆነ መኳንንት በሳን ባርናባ ሰፈር ተጠራቅመው ድምፃቸውን ይሸጡ ነበር።

በግንቦት 12 ቀን 1797 የናፖሊዮን ጦር ደጃፍ ላይ ሳለ ታላቁ ምክር ቤት ተሰበሰበ። በሕጉ መሠረት 600 አባላት መገኘት ነበረባቸው፤ ያን ያህል አልተገኘም። ክርክሩ ሳያልቅ ከውጭ ተኩስ ተሰማ። የሚሄዱት የዳልማጥያ ወታደሮች የስንብት ተኩስ ነበር፤ እነሱ ግን ዐመፅ መስሏቸው በጥድፊያ ድምፅ ሰጥተው ሪፐብሊካቸውን አፈረሱና ተበተኑ። በመዝገቡ ስሙ ያልተጻፈው የከተማው ሕዝብ ይህን ሲሰማ የማርቆስን ሰንደቅ ይዞ «ቅዱስ ማርቆስ ለዘላለም ይኑር!» እያለ ወደ አደባባይ ወጣ። ማታውን በሪያልቶ ድልድይ ላይ መድፍ ተተኮሰበት። የተኮሱት ፈረንሳዮች አልነበሩም።