ማኅተሙ የማን ነው?

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። የዛሬው ትረካ ራቅ ወዳለ አገር ይወስደናል፤ አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት፣ ካንሳስ ሲቲ። ቀኑ ሐምሌ 10 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ዓርብ። ሃያት ሬጀንሲ የተባለው ባለ 40 ፎቅ ሆቴል በሩን ከከፈተ ገና አንድ ዓመቱ ነው። የሎቢው ጣሪያ አንገት ቀና የሚያስደርግ ነው፤ በዚያ ክፍት ቦታ ላይ ሦስት መተላለፊያ ድልድዮች በብረት ዘንግ ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። የአራተኛው ፎቅ ድልድይ ልክ ከሁለተኛው ራስ በላይ ነው፤ የሦስተኛው ለብቻው ፈንጠር ብሏል። እያንዳንዱ ርዝመቱ 37 ሜትር፣ ክብደቱ 29 ቶን ገደማ።

ያን ምሽት የዳንስ ዝግጅት ነበር። 1,600 ያህል ሰው ሎቢውን ሞልቶታል፤ ባንዱ ይጫወታል፣ ጥንዶቹ ይሽከረከራሉ፣ ከላይ ድልድዮቹ ላይ የቆሙት ቁልቁል ያያሉ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ሲሆን የአራተኛው ፎቅ ድልድይ ተዘነጠለና ሁለተኛው ላይ ወደቀ። ሁለቱም ተያይዘው በዳንሰኞቹ ላይ ተጫኑ። የውሃ ቧንቧ ተበጥሶ ፍርስራሹ ሥር ያሉትን ያጥለቀልቅ ጀመር። ነፍስ የማዳኑ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ሲካሄድ አደረ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

ሙታኑ ተቀበሩ። ጥያቄው ግን አልተቀበረም፤ ማን ይጠየቅ? የሕንፃ ሥራ የብዙ ሰው ሥራ ነዋ! አሠሪው አለ፣ አርክቴክቱ አለ፣ ስትራክቸሩን የነደፈው የጃክ ጊለም የምህንድስና ድርጅት አለ፣ በእሱ ሥር ፕሮጀክቱን የያዘው መሐንዲስ ዳንኤል ደንካን አለ፣ ተቋራጩ አለ፣ ብረቱን ቆርጦ የሚበይደው ድርጅት አለ፣ የከተማው ተቆጣጣሪም አለ። ይህ ሁሉ ሰው ባለበት ሕንፃ ውስጥ አንዲት ዳዶ ናት አገር ያስለቀሰችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ንድፍ እያንዳንዱ ዘንግ ሳይቆረጥ ከጣሪያው ይወርድና አራተኛውን ፎቅ አልፎ ሁለተኛው ድረስ ይዘልቃል። በየድልድዩ አግዳሚ ብረት ሥር አንዳንድ ዳዶ ይታሰራል። ብረት ሠሪዎቹ ይህን ሲያዩ ተማረሩ። የላይኛውን ዳዶ ቦታው ለማድረስ የረጅሙ ዘንግ ታችኛው ክፍል በሙሉ ጥርስ ሊወጣለት ነው! ስለዚህ ዘንጉን ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ከጣሪያ እስከ አራተኛው ፎቅ፣ ሌላው ከአራተኛው ፎቅ አግዳሚ ተነሥቶ እስከ ሁለተኛው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ጉድጓድ ቆፋሪዎች በአንድ ገመድ ሲወርዱ አስቡ። ሁለቱም ገመዱን በየእጃቸው ከያዙ እያንዳንዱ የሚችለው የራሱን ክብደት ነው። አሁን ታችኛው ገመዱን ለቀቀና የላይኛውን እግር ጨበጠ። ገመዱ ምንም አልሆነም፤ የላይኛው ሰውዬ እጅ ግን ሁለት ሰው ተሸክሟል። የአራተኛው ፎቅ ዳዶ የደረሰባት ይህ ነው። አግዳሚው ደግሞ ሁለት ቻናል ብረቶች ፊት ለፊት ገጥመው የተበየዱበት ነበር፤ ዳዶዋ ብየዳውን ሰንጥቃ አለፈች።

ይህን ያገኘው ማን መሰላችሁ? የከተማው ጋዜጣ «ካንሳስ ሲቲ ስታር» የቀጠረው ባለሙያ ነው፤ በአደጋው ዘገባ ጋዜጣውና እህት ጋዜጣው የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። የመንግሥት መርማሪዎች ቀጥለው ሲያሰሉት የባሰ ነገር ወጣ። የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማው ሕግ ከሚጠይቀው አቅም 60 በመቶውን ብቻ ይችል ነበር። የተሠራው ደግሞ 30 በመቶ ያህሉን!

ዘንጉና አግዳሚው የሚገናኙበትን መጋጠሚያ ማን አሰላው ታዲያ? ማንም። መሐንዲሶቹ «መጋጠሚያውን ብረት ሠሪው ያሰላዋል» ብለው ተዉት። ብረት ሠሪው ሥራ በዝቶበት ሾፕ ድሮዊንጉን፣ ማለትም ብረቱ የሚሠራበትን ዝርዝር ንድፍ፣ ለሌላ ቢሮ ሰጠ። ያ ቢሮ ደግሞ መጋጠሚያው ተሰልቶ ያለቀለት መሰለው። ብረት ሠሪው «ለውጡን በስልክ አስፈቅደናል» ይላል፤ የመሐንዲሱ ቢሮ «እንዲህ ያለ ስልክ አልደረሰንም» ይላል። (የእኛን አገር ሳይት የሚያውቅ ሰው «በስልክ ተነጋግረናል» የምትለዋ ቃል እንግዳ አትሆንበትም።) ስልኩ ተደወለም አልተደወለም፣ አንድ የማይካድ ነገር አለ። በየካቲት 1971 ሾፕ ድሮዊንጎቹ የመሐንዲሱ ቢሮ ገብተው «ታይቷል» የሚለው ማኅተም አርፎባቸው ወጥተዋል።

ማስጠንቀቂያም አልጠፋም ነበር። ጥቅምት 1972 ሕንፃው ገና በግንባታ ላይ እያለ የሎቢው ጣሪያ ከፊሉ ወደቀ። በጋሪ ዕቃ የሚገፉ ሠራተኞች ድልድዩ ሲነቃነቅባቸው የተደረገው መንገዳቸውን መቀየር ነው። መሐንዲሶቹ ሳይት ላይ የሚቆም ተቆጣጣሪ እንዲቀጠር ሦስት ጊዜ ጠይቀው አሠሪው ወጪ ይበዛል ብሎ ሦስቱንም ጊዜ እንቢ ብሏል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ይህ እንቢታ ካሳ ብቻ ከፍሎ የሚታለፍ አልነበረም።

ሕጉ ግን በየመልኩ ነው የሚሠራው። በወንጀል የተከሰሰ አንድም ሰው የለም፤ ዐቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። በፍትሐ ብሔር በኩል ቢያንስ 140 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። በነገራችን ላይ የእኛም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩን ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ውልም ዋጋ የለውም ይላል። ቤት የምታሠሩ ሁሉ ያዙልኝ።

ሦስተኛው መንገድ የሙያ ፈቃድ ነው፤ ትረካው የሚካረረውም እዚህ ላይ ነው። የሚዙሪ የመሐንዲሶች ቦርድ ጊለምንና ደንካንን ከሰሰ። መከላከያቸው ቀላል አልነበረም፤ መጋጠሚያን ብረት ሠሪው ማስላቱ የሙያው ልማድ ነው፣ እኛም የሠራነው በልማዱ ነው አሉ። ክሱን ያየው ዳኛ 442 ገጽ ጽፎ መለሰላቸው፤ ድርጊታችሁ ከባድ ቸልተኝነት ነው። ጊለም ንድፉን በእጁ አልሳለም፣ ዕለት ተዕለት የያዘውም ደንካን ነበር። ያም ሆኖ በንድፉ ላይ ያለው ማኅተም የጊለም ነው። ጥር 1978 የሁለቱም የሚዙሪ ፈቃድ ተሰረዘ፤ የድርጅታቸውም እንዲሁ።

ይግባኝ አሉ። በ1980 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በንድፍ ላይ ማኅተሙን ያሳረፈ መሐንዲስ ኃላፊነቱን በልማድ ስም ለሌላ ሰው ማሻገር አይችልም ብሎ ውሳኔውን አጸና።