የ«ክዋሺዮርኮር» ስም ወደ ሕክምና መጽሔት የገባበት ታሪክ፦ አንድ ረቂቅ ጽሑፍና ያስከተለው ክርክር

በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ውስጥ በየዕለቱ ብዙ ነገር ይታያል። ከሚታየው ግን በጽሑፍ የሚሰፍረው ጥቂት ነው፤ ከተጻፈውም ተገምግሞ በሙያ መጽሔት ላይ የሚወጣው ከጥቂቱም ጥቂቱ ነው። ለዚህ በተደጋጋሚ የሚሰጡት ምክንያቶች የሥራ ብዛት፣ የላቦራቶሪ እጥረትና የቋንቋ ችግር ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እጅን የሚያስረው ግን «ከዚህ ሆነን የምናየውን ነገር ማን ያነበዋል?» የሚለው ስሜት ነው። ከዘጠና ዓመታት በላይ አስቀድሞ፣ በምዕራብ አፍሪካ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ተዘጋጅቶ ለንደን ወደሚታተም መጽሔት የተላከ ረቂቅ ጽሑፍ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ነው። ጽሑፉ በሕፃናት ጤናና እድገት ጥናት ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ለዚህ ያበቃው ሁሉንም ነገር በትክክል በመናገሩ አይደለም፤ ያየውንና የገመተውን ለይቶ በማስቀመጡ ነው።

ሐኪሟና የሥራ ቦታቸው

ዶክተር ሲሲሊ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1893 በጃማይካ ተወለዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶች ወደ ግንባር በመዝመታቸው ሴቶች ወደ ሕክምና ትምህርት የሚገቡበት በር ጥቂት ከፈት ብሎ ስለነበር፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ጀምረው እ.ኤ.አ. በ1923 በሐኪምነት ተመረቁ። እ.ኤ.አ. በ1929 በእንግሊዝ የቅኝ ግዛት የሕክምና አገልግሎት ውስጥ ተቀጥረው ጎልድ ኮስት ወደምትባለው፣ ወደ ዛሬዋ ጋና ተላኩ። በዋና ከተማዋ በአክራ በሚገኘው የልዕልት ሜሪ ሉዊዝ የሕፃናት ሆስፒታልም ሠሩ።

በዚያ ሆስፒታል ከአንድ እስከ አራት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት እጅና እግራቸው አብጦ፣ ቆዳቸው እየተላላጠ፣ ተቅማጥ ይዟቸው፣ ፊታቸው ጨፍግጎና ነጭናጫ ሆነው ይመጡ ነበር። ሕክምና ካላገኙ አብዛኞቹ ይሞታሉ። እናቶች ግን ለዚህ በሽታ ስም ነበራቸው። የአካባቢው ሕዝብ በሚናገረው በጋ ቋንቋ «ክዋሺዮርኮር» ይሉታል፤ ትርጉሙም ታናሹ ሲወለድ ታላቁን ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ይህ አንድ ቃል ምርመራ ነው ማለት ይቻላል። በውስጡ የሕፃኑን ዕድሜ፣ የጡት መጣልን፣ የእናቲቱን እርግዝናና ከጡት በኋላ የሚሰጠውን ምግብ ይዟል። ዶክተር ዊልያምስ ቃሉን እንደ ተራ የመንደር ወሬ አልናቁትም፤ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ

እ.ኤ.አ. በ1933 «አርካይቭስ ኦፍ ዲዚዝ ኢን ቻይልድሁድ» በተባለው የእንግሊዝ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ጽሑፋቸው ወጣ። ርዕሱ ከበቆሎ ምግብ ጋር የተያያዘ የሕፃናት የአመጋገብ በሽታ የሚል ነበር። የአገሬው ስም በርዕሱ ላይ አልነበረም።

የጽሑፉ አሠራር ዛሬም ቢሆን ለጀማሪ ጸሐፊ ትምህርት ይሆናል። በመጀመሪያ የታመሙትን ሕፃናት ዕድሜና የአመጋገብ ታሪክ ያስቀምጣል፤ ሕፃናቱ በዕድሜ የገፋች ወይም ያረገዘች እናት ጡት የሚጠቡ፣ ተጨማሪ ምግባቸውም ከበቆሎ የሚዘጋጅ ገንፎ መሰል ምግብ ብቻ እንደነበረ ይገልጻል። ቀጥሎ የሕመሙን ምልክቶች በአመጣጣቸው ቅደም ተከተል ይዘረዝራል፤ የቆዳው መላላጥ በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚዛመት ለይቶ ያመለክታል። ከዚያም በአስከሬን ምርመራ የተገኘውን፣ በተለይም ጉበት በስብ መሞላቱን ያስረዳል። በመጨረሻም ወተት፣ በተለይም የቆርቆሮ ወተት፣ ሲሰጣቸው የተሻላቸው ሕፃናት እንዳሉ ይናገራል።

የበሽታው መንስኤ ምንድን ነው ወደሚለው ሲደርስ ግን ጽሑፉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የአሚኖ አሲድ ወይም የፕሮቲን እጥረት መንስኤ ሊሆን የሚችልበትን ዕድል ማስወገድ አይቻልም ከማለት አያልፍም። ለዚህ የሚሆን ላቦራቶሪ በአክራ አልነበረም፤ ጸሐፊዋም ያልለኩትን እንደለኩ አድርገው አላቀረቡም። የኋላው ታሪክ እንደሚያሳየው ጽሑፉን ያኖረው ይህ ቁጥብነት ነው።

ተቃውሞውና ምላሹ

በሚቀጥለው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1934 በዚያው መጽሔት ላይ ተቃውሞ ታተመ። ተቃዋሚው ዶክተር ሂዩ ስታነስ በኒያሳላንድ፣ በዛሬዋ ማላዊ፣ የሠሩና በፔላግራ በሽታ ዕውቀታቸው የተከበሩ ሐኪም ነበሩ። ፔላግራም በቆሎን ዋነኛ ምግባቸው ያደረጉ ሰዎችን የሚይዝ፣ ቆዳን የሚያበላሽና ተቅማጥ የሚያስከትል በሽታ በመሆኑ፣ በአክራ የታየው አዲስ ነገር ሳይሆን ያው ፔላግራ ነው ሲሉ ደመደሙ። በስም የታወቁ አንድ ሊቅ ከሩቅ ቅኝ ግዛት የተላከውን የአንዲት ሴት ሐኪም ጽሑፍ ሲነቅፉ አንባቢው ወደ ማን እንደሚያዘነብል መገመት አያስቸግርም።

ክርክሩ የስም ብቻ አልነበረም። አንድ ሕፃን ፔላግራ ይዞታል ከተባለ የሚታሰብለት ሕክምና ሌላ ነው፤ በስም ስህተት ወተት የሚያስፈልገው ሕፃን ወተት ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ዶክተር ዊልያምስ በቁጣ አልመለሱም፤ ዝምም አላሉም። ተጨማሪ ሕሙማንን መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1935 «ላንሴት» በተባለው መጽሔት ላይ ሁለተኛ ጽሑፍ አወጡ። በዚህኛው ሁለቱን በሽታዎች ነጥብ በነጥብ አነጻጸሩ። የፔላግራ የቆዳ ቁስል ፀሐይ በሚያገኘው የሰውነት ክፍል ላይ ይወጣል፤ እርሳቸው ያዩት ግን ፀሐይን ሳይከተል፣ ሰውነት በሚታሽበትና በሚጫንበት ቦታ የሚታይ ነው። የሕሙማኑ ዕድሜም ሆነ የበሽታው አካሄድ ይለያያል። በዚህ ጽሑፍ ርዕስ ላይ «ክዋሺዮርኮር» የሚለውን ቃል አስቀመጡ። የአክራ እናቶች ቃል በዚህ አኳኋን ወደ ዓለም የሕክምና መዝገበ ቃላት ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1937 ኒኮቲኒክ አሲድ የፔላግራ መድኃኒት መሆኑ ሲታወቅ ለክርክሩ አዲስ መፈተኛ ተገኘ፤ ክዋሺዮርኮር በዚህ ቫይታሚን የሚድን አልሆነም። በኡጋንዳ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሂዩ ትሮዌል እ.ኤ.አ. በ1940 ተመሳሳይ ሕሙማንን የሕፃናት ፔላግራ ብለው ጽፈው ነበር፤ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው እ.ኤ.አ. በ1954 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙትን መጽሐፍ «ክዋሺዮርኮር» ብለው ሰየሙት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1952 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ክዋሺዮርኮር በአፍሪካ የሚገልጽ ጥናት አሳትሞ ነበር። ዶክተር ዊልያምስ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ ማላያ ተዛውረው፣ በጦርነቱ ጊዜ በጃፓኖች እጅ ታስረው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና ሕፃናት ጤና ክፍል የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1992 በ98 ዓመታቸው አረፉ።

ግምቱ ሲናወጥ የጸናው

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ትምህርት አለው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በጥንቃቄ የተጻፈው ግምት በሌሎች እጅ እንደ ተረጋገጠ እውነት ተቆጠረ። የዓለም የሕፃናት ምግብ ችግር የፕሮቲን እጥረት ነው ተብሎ በፕሮቲን የበለጸጉ ምግቦችን ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብና ድካም ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ዶናልድ ማክላረን በ«ላንሴት» ላይ ይህን አካሄድ ታላቅ ውድቀት ብለው ተቹት። ክዋሺዮርኮር በፕሮቲን እጥረት ብቻ እንደማይገለጽ ዛሬ በሰፊው ይታመናል፤ ትክክለኛ መንስኤውም አሁንም በጥናት ላይ ነው።

ይሁን እንጂ የ1933ቱ ጽሑፍ አልወደቀም። እብጠቱ፣ የቆዳው መላላጥ፣ የሕፃኑ ጠባይ መለወጥ፣ የጉበቱ ስብ፣ የአመጋገቡ ታሪክ እንደተጻፉ ናቸው። የወደቀው ሌሎች በጽሑፉ ላይ የጫኑበት እርግጠኝነት ነው።

ከጃማይካና ከሀዲያ

ከምልከታ ወደ ሙከራ የተሸጋገረው የኋለኛው ዘመን ጥናትም በዚሁ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሳሊ ግራንተም ማክግሬገርና ባልደረቦቻቸው፣ ዶክተር ዊልያምስ በተወለዱባት በጃማይካ የሠሩትን ጥናት በ«ላንሴት» አሳተሙ። ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት በአራት ቡድን ተመደቡ፤ ተጨማሪ ምግብ ያገኙ፣ እናቶቻቸው በቤት ለቤት ጉብኝት ልጅን የማጫወት ምክር ያገኙ፣ ሁለቱንም ያገኙና ሁለቱንም ያላገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምግቡም ጨዋታውም የሕፃናቱን የአእምሮ እድገት እንዳሻሻሉ፣ ሁለቱን በአንድነት ያገኙትም የበለጠ እንደተጠቀሙ ታየ። አመዳደቡና አለካኩ በግልጽ ስለተጻፈ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች እነዚያኑ ልጆች በ22 ዓመታቸው ተከታትለው፣ የጨዋታ ድጋፍ ያገኙት ገቢያቸው በ25 በመቶ ከፍ ማለቱን እ.ኤ.አ. በ2014 ለማሳተም ቻሉ።

ከኢትዮጵያም እንዲሁ ዓለምን ያስተማረ ጽሑፍ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሀዲያ፣ በባደዋቾ ወረዳ፣ በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ሆስፒታል ሳይተኙ፣ የተዘጋጀላቸውን ምግብ ወደ ቤታቸው እየወሰዱ ታከሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 በ«ላንሴት» የወጣው ዘገባ የ170 ሕሙማንን መዝገብ መሠረት ያደረገ ነው። 144ቱ አገገሙ፤ 7ቱ ሞቱ፤ 11ዱ ወደ ሌላ ተቋም ተላለፉ፤ 8ቱ ሕክምናውን አቋረጡ። የቁጥሮቹ ድምር 170 ነው፤ ያቋረጡትም የሞቱትም አልተደበቁም። የማገገሚያው ጊዜ አማካኝ 42 ቀን መሆኑና የክብደቱ ጭማሪ አዝጋሚ መሆኑም አብሮ ተገልጿል። ይህ ዘገባና ተከታዮቹ ለተመላላሽ ሕክምናው መስፋፋት መሠረት ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2007 አሠራሩን ደገፉት፤ በኢትዮጵያም በጤና ኬላ ደረጃ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ይሰጣል።

ለዛሬው ጸሐፊ

ዶክተር ዊልያምስ ከጻፉበት ዘመን ወዲህ ጽሑፍ የሚቀርብበት ሥርዓት ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ በሰው ላይ ለሚካሄድ ጥናት የሥነ ምግባር መሠረት ጣለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ የተሰበሰቡ የሕክምና መጽሔት አርታኢዎች የረቂቅ ጽሑፍ አቀራረብን አንድ ወጥ የማድረግ ሥራ ጀመሩ። ዛሬ በሕፃናት እድገት ላይ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የወላጅ ስምምነት መያዝ ይኖርበታል፤ ሕፃኑ የሚገባውን ያህል ካደገም የራሱን እሺታ ማግኘት ያስፈልጋል። የሕፃን ፎቶግራፍም ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይላክም።

ረቂቁ ሲዘጋጅ በተለምዶ መግቢያ፣ የጥናት ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት በየክፍላቸው ይቀመጣሉ። ይህ አከፋፈል ለይስሙላ የተደረገ ሥርዓት አይደለም። ዶክተር ዊልያምስ በራሳቸው ጥንቃቄ ያደረጉትን፣ ያዩትን ከገመቱት የመለየት ሥራ፣ ለሁሉም ጸሐፊ ግዴታ ያደረገ ነው። በውጤት ክፍል ውስጥ ግምት አይገባም፤ በውይይት ክፍል ውስጥ ደግሞ ያልተለካው አልተለካም ይባላል። የእድገት መለኪያ ጥቅም ላይ ከዋለ፣ ለዚያ አካባቢ ቋንቋና ባህል መስማማቱ እንዴት እንደተረጋገጠ መጻፍ አለበት፤ ሕፃኑ አይቶት የማያውቀውን ዕቃ ስም አልጠራም ተብሎ እድገቱ ዘግይቷል ሊባል አይገባምና። የጸሐፊነት ስምም በማዕረግ ሳይሆን በሠሩት ሥራ ይሰጣል።

መጽሔቱ ከመመረጡ በፊት የጸሐፊዎች መመሪያው በሚገባ ይነበባል። ረቂቁ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት አይላክም። ሸኚው ደብዳቤ አጭር ሆኖ ጥናቱ ምን አዲስ ነገር እንደጨመረ ይናገራል። የገምጋሚዎች አስተያየት ሲመጣ ለእያንዳንዱ ነጥብ መልስ ይሰጣል፤ ትክክል የሆነው ይታረማል፣ ያልተስማሙበትም በማስረጃ ይብራራል። ለስታነስ ተቃውሞ በ1935 የተሰጠው መልስ ለዚህ ምሳሌ ነው። ጽሑፍ ተመለሰ ማለት ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ በተሻለ ማስረጃ ሊጠናከር ይችላል ማለት ነው።

የአክራው ሆስፒታል ያልነበረው ብዙ ነገር ነበር። የነበረው በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ፣ እናቶችን የሚሰማ ጆሮና ያየችውን ለመጻፍ ጊዜ ያላጣች ሐኪም ነው። «ታናሹ ስንት ወሩ ነው?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን በካርዱ ላይ የሚያሰፍር ጤና ባለሙያ በማናቸውም ወረዳ ይገኛል። ረቂቁም የሚጀምረው ከዚያ ካርድ ነው።