የእምቧይ አልካሎይድ ልኬት

የእምቧይ አልካሎይድ ልኬት በእምቧይ ተክል ውስጥ ያሉትን መራራና መርዛማ ንጥረ ነገሮች መጠን በቤተ ሙከራ የማወቅ ሥራ ነው። እምቧይ (በሳይንሳዊ ስሙ ሶላነም ኢንካነም) ከድንች፣ ከቲማቲምና ከደበርጃን ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው።

የተክሉ ጥቅም

በኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና ሥሩ ለሆድ ቁርጠት ይታኘካል፤ የፍሬው ጭማቂ ለቁስልና ለቆዳ ሕመም ይቀባል። ፍሬው ቆዳ ለማልፋትም ያገለግላል። ዋና አልካሎይዶቹ ሶላማርጂንና ሶላሶኒን ናቸው። ከስኳር ክፍላቸው ሲላቀቁ ሶላሶዲን ይገኛል፤ ይህም ለስቴሮይድ መድኃኒቶች ጥሬ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

የዱርና የለማ ተክል

ለምግብ የሚለማው ደበርጃን ከእምቧይ እጅግ ያነሰ አልካሎይድ አለው፤ ገበሬዎች በብዙ ዘመን መራራውን እየተዉ ዘር ስለመረጡ ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥም መጠኑ እንደ ዘሩ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ፍሬው ብስለትና እንደ ተክሉ ክፍል ይለያያል። ስለዚህ አንድ እፍኝ ፍሬ ሁልጊዜ አንድ መጠን መድኃኒት አይሆንም።

አለካክ

ናሙናው ደርቆና ተፈጭቶ በሜታኖል ወይም በቀላል አሲድ ይዘፈዘፋል። ፈሳሹ ተጣርቶ አሞኒያ ሲጨመርበት አልካሎይዶቹ ይዘቅጣሉ። ከዚያም ክሮማቶግራፊ በተባለ ዘዴ ተለያይተው ይለካሉ። ውጤቱ በደረቅ ወይም በእርጥብ ክብደት መሆኑ፣ የተለካውም ሶላማርጂን ወይም ሶላሶዲን መሆኑ መገለጽ አለበት፤ 100 ሚሊግራም ሶላማርጂን የሚሰጠው ሶላሶዲን 48 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነውና። ለንጽጽር፣ በድንች ውስጥ የዚህ ዓይነት አልካሎይድ በኪሎግራም እርጥብ ክብደት ከ200 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል።

በጋምቤላ

በጋምቤላ ክልል የቦታ ልዩነት ለዚህ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ በሞቃት ቆላ ትገኛለች፤ የመዠንገር ዞን ጎደሬ ግን ከፍ ያለና ዝናባማ የደን አገር ነው። ከጎደሬ ጫካ የተለቀመ ናሙና በከተማው ጓሮ ከበቀለ ጋር ቢነጻጸር፣ ልዩነቱ ከዘሩ ይምጣ ከአየሩ አይታወቅም። ትክክለኛው ንጽጽር አንዱን ዘር በሁለቱም ቦታ፣ የተለያዩትን ዘሮች ደግሞ በአንድ ማሳ ዘርቶ በእኩል ዕድሜ መልቀም ነው።

ተመሳሳይ ሥራ በእንዶድ ላይ ተከናውኗል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ቀንድ አውጣ ገዳይነቱን ካገኙ በኋላ፣ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶች ተነጻጽረው በኃይሉና በምርቱ የተሻለው «ዓይነት 44» ለልማት ተመረጠ።